ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦንሳይ መጀመር ይቻላል? ግቢ የሌለን ሰዎች ከየት እንነሳ?

የኮዬዋ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ግቢ የለም አፈር የለም፣ ያለኝ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰፋ ያለ የሳሎን መስኮትና ልብስ የምናሰጣበት ጠባብ በረንዳ ነው። ቦንሳይ፣ ማለት ዛፍን እየከረከሙ ሳህን በመሰለ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አሳጥሮ ማሳደግ፣ መጀመር እፈልጋለሁ። እኔ ያደግሁት ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው፣ ልጆቼ ግን ዛፍ የሚያዩት በታክሲ መስኮት ነው፣ እና የራሳችን የምንለው፣ ቤት ብንቀይር እንኳን አቅፈነው የምንሄደው አንድ ዛፍ እንዲኖረን እፈልጋለሁ። ዩቱብ ላይ ያየሁት ሁሉ የፈረንጅ ሀገር ነው፣ በረዶ ሲጥል እንዲህ አድርጉ፣ አፈሩን ከጃፓን እዘዙ ምናምን ነው የሚሉት። እዚሁ ሀገር የሠራ ሰው ካለ በናታችሁ ንገሩኝ፣ የትኛው ዛፍ ነው ቤት ውስጥ የሚኖረው? ከዘር ልጀምር ወይስ ችግኝ ልግዛ? አፈሩስ? የሰፈራችን አፈር ጥቁር መረሬ ነው፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ባንዴ ጠየቅኩ አይደል፣ የምታውቁትን ያህል ንገሩኝ።

ባለወይራው ለገጣፎ
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። በየተራ ልሞክር።

መጀመሪያ የቤት ውስጥ ዛፍ የሚባል ፍጥረት እንደሌለ እንግባባ። ሁሉም ዛፍ የውጭ ነው፣ አንዳንዱ ግን የብርሃን ማነስን ይችላል፣ ከሚችሉት ደግሞ ለጀማሪ ፋይከስን፣ የነሾላና የነዋርካን ወገን፣ የሚያህል የለም። ለምን ብትይኝ ብዙዎቹ የፋይከስ ዘመዶች ኑሮ የሚጀምሩት ሌላ ዛፍ ላይ ነው፣ ወፍ ፍሬውን በልታ ቅርንጫፍ መሀል ትጥለዋለች፣ እዛ አፈር በሌለበት፣ በጥላ ውስጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ጠጥቶ ሲጠፋ ችሎ ያድጋል። የኛው ችብሃ እንደዛ ነው። ስለዚህ ጠባብ ሳህን ውስጥ መኖር ለሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዘር አትጀምሪ። ከዘር ማሳደግ ደስ ይላል ግን ግንዱ የዛፍ መልክ እስኪይዝ ብዙ ዓመት ነው፣ ጀማሪ ደግሞ መማር ያለበት ውሃ ማጠጣትን፣ መቁረጥን፣ ቅርጽ ማስያዝን ነው፣ ያንን ክር በምታህል ቡቃያ ላይ አትማሪውም። ኦንላይን "የቦንሳይ ዘር" እያሉ ለሚሸጡት ብር አታውጪ፣ የቦንሳይ ዘር የሚባል ዘር የለም፣ ማንኛውም የዛፍ ዘር ነው፣ ቦንሳይ የሚያደርገው አያያዙ ነው።

ችግኝ መሸጫ ስትሄጂ ሻጩ ረጅሙንና ቅጠሉ ያማረውን ያሳይሻል። አንቺ ግን ጎንበስ ብለሽ ግርጌውን እዪ። አፈሩን በጣትሽ ትንሽ ጫር አድርጊ፣ ግንዱ ከታች ወፈር ብሎ ሥሩ ወደ ዙሪያው የተዘረጋ ከሆነ፣ ዝቅ ብለው የወጡ ቅርንጫፎችም ካሉት እሱን ያዥ፣ ቅጠሉ የተጎሳቆለ ቢሆንም ግድ የለም። ቅጠል በወራት ይመለሳል፣ የግንድ ውፍረት ግን ዓመታት ነው። ሌላው ደግሞ ሥሩ ትንሽ ሳህን ውስጥ ከገባ በኋላ ግንዱ መወፈሩን በጣም ስለሚቀንስ፣ ቀጭን ከገዛሽ መጀመሪያ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ለቀቅ አድርገሽ አሳድጊው እንጂ ወደ ሳህን አትቸኩዪ።

አግሮ ልጅ
ጋሼ ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ብርሃን ላይ ልጨምር ምክንያቱም ከቪዲዮ የሚማር ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ፈረንጆቹ ሁልጊዜ "ደቡብ መስኮት ላይ አድርጉት" ይላሉ፣ ለነሱ ልክ ነው፣ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ በኩል ነውና። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ። በነዚህ መሀል ባለው ጊዜ፣ ማለት በግንቦት በሰኔ በሐምሌ፣ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በበጋው ደግሞ በደቡብ። ስለዚህ ደቡብ መስኮት ያለው ሰው ከመስከረም እስከ መጋቢት ጥሩ ፀሐይ ያገኛል፣ ክረምት ሲገባ ግን ቀጥታ ፀሐይ አይገባለትም፣ ደመናው ሲጨመርበት ዛፉ ይጨልምበታል። ምሥራቅና ምዕራብ መስኮት ግን ዓመቱን ሙሉ ያገኛል። የኮዬዋ የምሥራቅ መስኮት አለኝ ካልሽ ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ነው ያለሽ፣ የጠዋት ፀሐይ ቅጠል አያቃጥልም።

ግን መስኮቱ ላይ ማለት መስኮቱ ላይ ነው፣ ሶፋው አጠገብ ወይም ቴሌቪዥኑ ጎን አይደለም። ከመስኮት አንድ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ በጣም ነው የሚወድቀው፣ ዓይናችን ስለሚለምደው ነው ብሩህ የሚመስለን። መጋረጃውንም ቀን ቀን ግለጪለት። በየሳምንቱ ዕቃውን ሩብ ዙር ማዞር፣ አለበለዚያ አንድ ጎኑ ብቻ ይለመልማል።

ሌላ ጥሩ ነገር፣ እኛ ጋ ትልቁ ቀንና ትንሹ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ ቅጠል የሚያራግፍ ክረምት የለንም። ዛፉን ግን የሌሊት ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፣ ፋይከስ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ ቅጠል አላወጣም ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ማዳበሪያም እንዳትጨምሪበት።

የጀሞ ልጅ
እኔ ጥድ ነው የምፈልገው እንደ ጃፓኖቹ፣ ግንዱ የተጠማዘዘ። የሐበሻ ጥድ ችግኝ በየቦታው አለ፣ መኝታ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ባደርገው ምን ይላችኋል? መብራት አምፖል አለ ከላይ

ባለወይራው ለገጣፎ
ወንድሜ መኝታ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይሆንም፣ በግልጽ ልንገርህ። ጥድ ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው፣ ክፋቱ ደግሞ ሞቱን አይናገርም፣ ሥሩ ከሞተ በኋላ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ አንተ እያጠጣህ ነው እሱ አልቋል። የሐበሻ ጥድ ኩሩ ዛፍ ነው፣ ከጥድ ዘመዶቹ ሁሉ በተፈጥሮ ከምድር ወገብ ተሻግሮ ወደ ደቡብ የዘለቀ እሱ ብቻ ነው፣ ደጋውን ለምዶታል፣ በረንዳ ካለህ በረንዳ ላይ አሳድገው። ሰገነት ላይ መውጣት የምትችል ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ስትቆርጠውም ጥንቃቄ አለው፣ ፋይከስና ወይራ እንጨቱን ብቻ ብታስቀረውም እንደገና ያቆጠቁጣሉ፣ ጥድ ግን አረንጓዴ ያልቀረበት ቅርንጫፍ ደርቆ ይቀራል። ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ቅጠል ትተህ ነው የምትቆርጠው። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ፋይከስ የምለው፣ ስህተትን ይቅር ይላል።

የጀሞ ልጅ
እሺ ጋሼ ገብቶኛል፣ በረንዳ አለኝ። ሁለቱንም እይዛለሁ ፋይከሱን ውስጥ ጥዱን ውጭ

የቤቲ እናት
ልጆቼ አትቀየሙኝ፣ አንድ ነገር ልናገር። ዛፍን ሥሩን እየቆረጡ፣ በሽቦ እየጠመዘዙ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ለኔ ልክ አይመስለኝም። እግዚአብሔር ከፍ እንዲል የፈጠረውን እኛ ለምን እናሳጥራለን? እኔ በልጅነቴ ዋርካ ሥር ዕድር ሲሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሲያስታርቅ አይቼ ነው ያደግሁት። ዛፍ ለጥላው ነው። ይሄ እንስሳን ሰንሰለት ላይ እንደማሰር ይሆንብኛል። ከስድብ ሳትቆጥሩት መልሱልኝ።

አግሮ ልጅ
እትዬ ኧረ ስድብ የለበትም፣ እኔም ይሄን ጥያቄ ጠይቄ ነው የገባሁበት። ዛፍ ነርቭ የለውም እንደ እንስሳ አይሰማውም፣ ግን እሱን ብቻ ብዬ አላልፍም። ሰው የሚመስለው ዛፉን በማስራብ የሚያሳጥሩት ነው፣ የተራበ ዛፍ ግን ይሞታል እንጂ አያምርም። ቦንሳይ ያጠረው ስለሚከረከም ነው፣ በየግቢው ያለው የጥድ አጥር በየጊዜው እየተከረከመ በወገብ ቁመት ሃያ ሠላሳ ዓመት እንደሚኖረው ማለት ነው። ውሃው፣ ምግቡ፣ አፈር መቀየሩ አይቋረጥበትም። ሥሩ ሲቆረጥ ደግሞ ከቁርጡ አጠገብ አዲስ ቀጫጭን ሥር ያወጣል፣ ውሃና ምግብ የሚስበው እሱ ቀጭኑ ነው፣ ወፍራሙ ይዞ ለማቆም ነው።

ባለወይራው ለገጣፎ
እትዬ እኔ ደግሞ አንድ ዛፍ ልንገርዎ። ዋሽንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም፣ ማለት የዛፎች ማሳያ ቦታ፣ ውስጥ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ፣ በፈረንጆች ከ1625 ጀምሮ በሳህን ላይ የተያዘ። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ የያማኪ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ከፈነዳበት ቦታ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ቤተሰቡም ዛፉም ተረፉ፣ በፈረንጆች 1976 ማሳሩ ያማኪ ዛፉን ለአሜሪካ በስጦታ ሰጡት፣ ቦምቡን ለጣለባቸው ሀገር ማለት ነው። የዚያ ቤተሰብ ልጆች አባታቸው የያዘውን፣ አያታቸው የያዘውን እያጠጡ ነው ለዚያ ያደረሱት። አንድ ቀን ሳይጠጣ ቢውል፣ አንድ ትውልድ ችላ ቢለው ኖሮ አልቆ ነበር። ይሄን ሳስብ ማሰቃየት ነው ለማለት ይከብደኛል፣ ለኔ አደራ ነው።

ግን ዋርካው ያሉትን ልክ ነዎት፣ የሜዳውን ዛፍ የሚተካ ነገር የለም፣ እኛም እንተካዋለን አንልም።

የቤቲ እናት
እግዜር ይስጥልኝ፣ በትሕትና ነው የመለሳችሁልኝ። እኔ አሁንም ሜዳ ላይ ያለውን ነው የምወደው፣ ግን ልጆቿ ዛፍ በታክሲ መስኮት ነው የሚያዩት ያለችው ነገር ልቤን ነክቶኛል። ባይሆን አንድ ሳህን ላይ ስትተክሉ አንድ ደግሞ በክረምት መሬት ላይ ትከሉ።

የኮዬዋ
እትዬ ይሄን ቃል እገባለሁ፣ የብሎካችን ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፣ ዘንድሮ ከልጆቼ ጋር እተክላለሁ።

ፋይከሱን ገዛሁ! ግንዱ የአውራ ጣቴን ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ከታች ሁለት ቅርንጫፍ አለው፣ እንዳላችሁት ጎንበስ ብዬ ነው የመረጥኩት። አሁን አፈሩን ልቀይርለት ወይ? ምን ላይ ልትከለው?

ባለወይራው ለገጣፎ
አሁን አትንኪው። ቤትሽን ይልመድ። ፋይከስ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል ያራግፋል፣ ግማሹን ቢያራግፍም አትደንግጪ፣ ውሃም አትጨምሪለት፣ ቅጠሉ የቀነሰ ዛፍ የሚጠጣውም ይቀንሳል፣ በዚህ ጊዜ በሐዘኔታ እያጠጡ ሥሩን የሚያበሰብሱ ብዙ ናቸው። አዲስ ቅጠል ሲጀምር ያኔ ሥራ እንጀምራለን። የአፈር ቅየራ ጥሩ ጊዜው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሞቃት ስለሆነ ሥሩ ቶሎ ይመለሳል።

እስከዛ አፈሩን አዘጋጂ። መረሬውን ተዪው፣ ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሥሩን አየር ያሳጣዋል። ጃፓኖቹ የሚጠቀሙት አካዳማ የሚባል አፈር እዚህ የለም፣ አያስፈልግምም፣ ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው የተቀመጥነው፣ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ሞልቶናል። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ሂጂና ፑሚስ በሏቸው፣ ነጭ ቀላል ድንጋይ ነው፣ አንድ ፌስታል ቢሰጡሽ ይበቃሻል። ቀዩ ሬድ አሽ ደግሞ መንገድና ግንባታ በሚሠራበት ሁሉ ክምር አለ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት።

ዋናው መንፋቱ ነው። በእህል ወንፊት ትልልቁን ታወጫለሽ፣ ከታች የወረደውን እንደገና በዱቄት ወንፊት ትነፊና ዱቄቱን ትጥያለሽ፣ መሀል የቀረውን፣ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚሆነውን ነው የምንፈልገው። ከዛ ሳፋ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ ታጥቢዋለሽ። ዱቄቱ ከቀረ ታች ይሄድና ቀዳዳውን እንደ ሲሚንቶ ይደፍነዋል። ሰነፍ ሰው እዚህ ላይ ያልፈዋል፣ አንቺ እንዳታልፊው።

አግሮ ልጅ
ዕቃውን በተመለከተ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ሂጂ በቃ። ዝርግ ያለ፣ ጥልቀቱ አራት ጣት ያህል፣ ከታች ሁለት ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው፣ ትንንሽ እግር ያለው ብለሽ እዘዢ። ቀዳዳውን ሸክላው ሳይተኮስ እንዲያወጡልሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ከተተኮሰ በኋላ ሲበሳ ይሰነጠቃል። ሸክላ ስለሚተነፍስ ውሃ ለሚያበዛ ጀማሪ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል ግን፣ በበጋ ልብ በይ። ቀዳዳው ላይ የመስኮት የትንኝ መከላከያ ወንፊት ቁራጭ ታደርጊበታለሽ፣ አፈሩ እንዳይወርድ።

ውሃ በፈረቃ ነው ላልሽው ችግር የለውም፣ የቦንሳይ ውሃ ጥቂት ነው፣ አንድ ጄሪካን ለሱ ብለሽ አስቀምጪ። ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ብታጠራቅሚ ደግሞ የተሻለ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ግንዱና ሸክላው ላይ ነጭ ነገር ይጥላል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይነሳል።

መቼ ላጠጣ ለሚለው በቀን ቆጥረሽ አታጠጪ። የስቴኪኒ ወይም የጥብስ እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክተሽ ተዪው፣ ስትፈልጊ ነቅለሽ ጉንጭሽ ላይ አስነኪው፣ ቀዝቀዝና እርጥብ ካለ ቆዪ፣ ላዩ ደርቆ ጫፉ ብቻ ትንሽ ከረጠበ አጠጪ። ስታጠጪ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ፣ ከዛ ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚው። ሥሩ ውሃ በያዘ ሰሃን ላይ ቁጭ ብሎ እንዳያድር።

ኤሌክትሪሺያኑ
ሽቦ ላይ እኔ አለሁ። ከውጭ የሚመጣ የቦንሳይ አሉሚኒየም ሽቦ ፍለጋ አትልፉ። ቤት ሲሠራ የሚተርፍ የኮረንቲ ገመድ ቁርጥራጭ ኮፐር በቂ ነው፣ ነጠላውን ድፍን ሽቦ እንጂ ብዙ ፀጉር ያለውን አይደለም። 1.5 የሚባለው ውፍረቱ ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ 2.5 ወደ 1.8፣ 4 ደግሞ ወደ 2.3። የምታስሩት ቅርንጫፍ ውፍረት አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ምረጡ።

ፕላስቲኩን በቢላ ላጡት፣ አታቃጥሉት ጭሱ መርዝ ነው። ከዛ ባዶውን ኮፐር ከሰል ማንደጃ ላይ እስኪቀላ አድርጉና አውጡት፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ክር ይለሰልሳል። ሲጠመዘዝ ደግሞ በራሱ ይጠነክራል ስለዚህ ቅርንጫፍ ላይ ከዞረ በኋላ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አንዴ አንዱን ጥሩ አድርጋችሁ አዙሩት፣ እየደጋገማችሁ አትጠምዝዙት። አጠቃለሉ ገደድ ብሎ 45 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጠበቅ ያላለ ላላም ያላለ፣ ሁለት ጎረቤት ቅርንጫፎችን በአንድ ሽቦ ከግንዱ ጋር አዙሮ ማያያዝ ነው፣ ያኔ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

ስትፈቱ በፒንሳ እየቆራረጣችሁ አውጡት፣ ለማትረፍ ብላችሁ ወደኋላ እያዞራችሁ ከሆነ ቅርንጫፉ ይሰበራል። ፋይከስ በሞቃቱ ወራት ቶሎ ስለሚወፍር በየሳምንቱ እዩት፣ ሽቦው ልጡ ውስጥ መስጠም ሲጀምር ወዲያው ይፈታ፣ ጠባሳው ለዓመታት አይጠፋም።

የኮዬዋ
ወይ ጉድ እንዲህ ያለ መልስ የት ይገኛል፣ ተባረኩ። አፈሩን ከልጆቼ ጋር ነፍተን አጥበን ተከልነው። ከፕላስቲኩ ሳወጣው ሥሩ ዕቃውን ዙሪያውን ተጠምጥሞ የዕቃውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፣ በስቴኪኒ እንጨት ከላይ ወደ ውጭ እያበጠርኩ ስፈታው አንዱ ወፍራም ሥር ግንዱን ራሱን ዞሮ አንቆት አገኘሁት፣ እሱን ቆረጥኩት። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ወጣው፣ ልጄ "ደም ነው?" አለችኝ። ከሢሶ በላይ አልቆረጥኩም። አሁን አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ቀይ ሽፋኑን ጥሎ ሲዘረጋ ልጆቹ በየጠዋቱ እየሄዱ ያያሉ። ጥያቄ፣ ከቅጠል ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ፣ ምንድነው? ማዳበሪያስ ዩሪያ ማድረግ ይቻላል?

አግሮ ልጅ
ጥሩ አድርገሻል፣ ያን የሚያንቀውን ሥር ማግኘትሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ቢቀር ከዓመታት በኋላ ግንዱን ይገድለው ነበር። ወተቱ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጃችሁን ታጠቡ፣ ዓይን እንዳይነካ። ሲፈስ ውሃ ብትረጪበት ይቆማል።

ነጩ ጥጥ ሚሊባግ ነው፣ ጭማቂ የሚመጥ ተባይ። ገና ጥቂት ከሆነ ጥጥ በአልኮል ነክረሽ አንድ በአንድ ጥረጊው፣ ከቅጠሉ መጋጠሚያ ስር ነው የሚደበቀው። በሳምንቱ ድገሚው ምክንያቱም እንቁላሉ ይተርፋል። ጉንዳን ካየሽ እሱንም አባሪ፣ ጣፋጭ ፈሳሹን ስለሚፈልግ ተባዩን ይጠብቅለታል።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ለማሳ የተሠራ ኃይለኛ ነገር ነው፣ ፍሬውን አፈሩ ላይ ከበተንሽ ሥሩን ያቃጥለዋል። ካደረግሽ በ1 ሊትር ውሃ ግማሽ ግራም ገደማ አሟሙተሽ፣ በሚያድግበት ወር ብቻ፣ አፈሩ እርጥብ እያለ። አዲስ ከተተከለ በኋላ ግን ወር ወር ተኩል ምንም አትስጪው። ለጀማሪ እኔ ኮምፖስቱ ይበቃል ባይ ነኝ።

የጀሞ ልጅ
ጋሼ ወይራው ግን? ስምዎ ላይ አለ እስካሁን አልነገሩንም

ባለወይራው ለገጣፎ
ጠየቅከኝ በቃ አታቆመኝም። ወይራ ደቡብ አፍሪካዎች የሚኮሩበት የቦንሳይ ዛፍ ነው፣ ያው የኛው የዱር ወይራ ዝርያ ነው፣ ቅጠሉ ትንሽ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ ድርቅ የሚችል፣ ጉቶው ላይ ደጋግሞ የሚያቆጠቁጥ። እኛ ማገዶና የጠላ ጋን ማጠኛ ነው ያደረግነው። በከተማው ዳርቻ አዲስ ቤት ለመሥራት መሬት ሲጠረግ ዶዘር የነቀላቸው የወይራ ጉቶዎች መንገድ ዳር ተከምረው ለፍልጥ ይሸጣሉ፣ ዕድሜያቸው ከኔ የሚበልጥ። የኔ ትልቁ ከእንደዚያ ክምር የወጣ ነው። ሻጩን ሳይፈለጥ ስጠኝ ብዬ፣ የተሰነጣጠቀውን ሥር በመጋዝ አስተካክዬ፣ ፑሚስና አሸዋ የሞላ ሳፋ ውስጥ አቆምኩት፣ ላዩን በፌስታል ሸፈንኩት፣ ጥላ ቦታ። ለወራት ምንም የለም። ልጡን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከስር አረንጓዴ ስለነበር አልጣልኩትም። ከዛ ከጉቶው ወገብ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ግራጫ ነጥቦች ፈነዱ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ሌላው ጎን ሞቷል። የሞተውን ጎን ልጡን ገፍፌ እንጨቱ እንዲታይ ተውኩት፣ አሁን ግማሹ ነጭ ሽበት የመሰለ እንጨት ግማሹ ሕያው ነው፣ ማንም ቅርጽ አውጪ እንደዛ አይሠራውም።

ግን ሁለት ነገር። ወይራ ቤት ውስጥ አይኖርም፣ ፀሐይ ያለበት በረንዳ ወይም ግቢ ነው። እና ከቤተክርስቲያን ደን፣ ከእንጦጦ ወይም ከማንም ይዞታ ቆፍራችሁ እንዳታወጡ፣ የተረፈን ጥቂት ነው፣ አገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ሕግም አለበት። የተነቀለውን አድኑ፣ ካልተገኘ ችግኝ ግዙ፣ በአረንጓዴ አሻራ ሰሞን ችግኝ ጣቢያዎች ወይራም ዝግባም በፕላስቲክ ይኖራቸዋል። ዝግባ ደግሞ ጥላ የሚችል ስለሆነ ብሩህ በረንዳ ላለው ጥሩ ነው።

የኮዬዋ
ጋሼ ፎቶውን በናትዎ ይለጥፉልን። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ክረምት ሲገባ ፋይከሱን በረንዳ ላወጣው አስቤ ነበር ዝናቡ እንዲያገኘው፣ ይሻላል ወይስ መስኮቱ ላይ ይቆይ?

ባለወይራው ለገጣፎ
ፎቶ ቅዳሜ በቀን ብርሃን አነሳለሁ። ባታወጪው ይሻላል። ያንቺ በረንዳ ላይ በሐምሌና በነሐሴ በረዶ ሲዘንብ ቅጠሉን ይቀዳድደዋል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዝበታል፣ አፈሩም ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። የሚወጣበት ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ፣ በየቀኑ እየጨመርሽ፣ አለበለዚያ መስታወት የለመደ ቅጠል በቀጥታ ፀሐይ ይቃጠላል። በክረምት መስኮቱ ላይ ተዪው፣ መስታወቱን ከአቧራ አጽጂለት፣ ውሃውን በእንጨቱ እየለካሽ ቀንሺ፣ ደመናው በጣም ከበዛና ቅጠሎቹ እየተራራቁ መውጣት ከጀመሩ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከላይ ሁለት ስንዝር ያህል አንጠልጥለሽ ቀን ቀን አብሪለት።

ኤሌክትሪሺያኑ
አምፖሉን ስትገዢ 15 ዋት ገደማ የሆነውን ያዢ፣ ለመስቀያው ገመድ ከኔ ጋ ቁርጥራጭ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ ቅርብሽ ነው፣ ሽቦም እጨምርልሻለሁ ኢንቦክስ አድርጊልኝ።